ለራስ የተገባ ቃል

የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲገባ በርክሌና ኦክላንድ ያሉ ጂሞች ይጨናነቃሉ። የመሮጫ ማሽን ለማግኘት ወረፋ ይጠበቃል፤ መኪና የሚያቆምበት ያጣ ሰው ሠፈሩን ይዞራል። ወር ከምናምን ሲያልፍ ወረፋው ይቀልላል፤ ማሽኖቹም ለቀድሞ ደንበኞቻቸው ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰሞን ዐቢይ ጾም ይገባል። በጥር «ዘንድሮስ ውፍረት ሳልቀንስ አልቀርም» ብሎ ተመዝግቦ በአራተኛው ሳምንት የተወው ሐበሻ፣ አሁን ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይነካ 55 ቀን ይከርማል። ውል ያስፈረመው የለም። ከባንክ ሒሳቡ በየወሩ የሚቆረጥ ገንዘብ የለም። የሚከታተለው አሠልጣኝም የለም። ረመዳንን የሚይዘው ሙስሊም ወንድሙም እንዲሁ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ታክሲ ይነዳል፣ ሆስፒታል ያድራል፣ ዕቃ ያመላልሳል።

ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ሆዱም፣ ድካሙም፣ የሥራ ሰዓቱም አልተለወጠም። ታዲያ ለሃያ ደቂቃ የእግር ጉዞ ያነሰው ቆራጥነት ለሁለት ወር ጾም ከየት መጣ?

ቶሎ የሚመጣው መልስ «እምነት ነዋ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን አይበቃም። ሁዳዴን ሳያጎድል የሚጾመው ያው አማኝ «ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት እየተነሣሁ ዳዊት እደግማለሁ» ብሎ ለራሱ ሲወስን፣ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ እንደ ጂሙ ምዝገባ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዓመት ያለፈው ሰው፣ በእምነቱም ብዙ የማይተማመን ሰው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ግን እጁ ወደ ሥጋ አይሄድም። ስለዚህ ልዩነቱን በእምነት ጽናት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሌላ ነገር አለ።

ለዚህ ጥያቄ በርክሌ ጥሩ ቦታ ናት። በዩኒቨርሲቲዋ የሚያስተምሩት የኢኮኖሚክስ ምሁር ስቴፋኖ ዴላቪኛ፣ ያን ጊዜ በስታንፎርድ ከነበሩትና ኋላ ወደ በርክሌ ከተዛወሩት ኡልሪኬ ማልመንዲዬር ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት አሳተሙ። ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «ላለመሄድ እየከፈሉ ጂም» እንደማለት ነው። የሦስት ጂሞችን መዝገብ ይዘው የ7,752 አባላትን ምልልስ ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሚሄዱት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሲካፈል ለአንድ ጊዜ ከ17 ዶላር በላይ ማለት ነው። እዚያው ጂም በር ላይ ግን የአሥር ጊዜ መግቢያ ካርድ ይሸጥ ነበር፤ በእርሱ ቢገቡ አንዱ ጊዜ 10 ዶላር ይሆንላቸዋል። ከዚህም የሚገርመው፣ ወርኃዊ አባላቱ ለመጨረሻ ጊዜ ጂም ከረገጡበት ቀን ጀምሮ አባልነታቸውን እስኪሰርዙ ድረስ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ በከንቱ ከፍለዋል።

ጥናቱ የሚያሳየው ሰዎቹ ሰነፎች መሆናቸውን አይደለም። ሰነፍ ሰው ሰነፍ መሆኑን ካወቀ የአሥር ጊዜውን ካርድ ይገዛል። የተሳሳቱት በሌላ ነገር ነው፤ የነገውን ራሳቸውን አላወቁትም። ዛሬ የሚፈርመው ሰው ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነሣውን ሰው እንደ ታዛዥ ልጅ አድርጎ ይስለዋል። ልጁ ግን ሲነቃ የራሱ ሐሳብ፣ የራሱ ብርድ፣ የራሱ እንቅልፍ አለው። የዛሬው ሰው የከፈለው ለማሽኑ ሳይሆን፣ ገና ላልተወለደና ምናልባትም ለማይወለድ ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሶቅራጥስ፣ ፕላቶን እንደሚነግረን፣ የሚሻለውን በእውነት እያወቀ የሚብሰውን የሚሠራ ሰው የለም ይል ነበር፤ የሚሳሳት ካለ ዕውቀት ስለጎደለው ነው። አርስቶትል ይህ በዐይናችን ከምናየው ጋር አይገጥምም ብሎ፣ ዐውቆ የመሸነፍን ነገር በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰባተኛ ክፍል በሰፊው መረመረ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ የሚወደውን በጎ ነገር እንደማያደርግ፣ የሚጠላውን ግን እንደሚያደርግ ተናዝዟል። የደም ግፊት መድኃኒቱን እየዋጠ ጨው የሚጨምር፣ የስኳር መለኪያውን ኪሱ ይዞ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚያማስል ሰው የዕውቀት ችግር የለበትም። ሐኪሙ ከነገረው በላይ ያውቃል።

ከ1981 ጀምሮ እስከ 2003 ሞቱ ድረስ በበርክሌ የኖረው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን፣ ወደዚያ ከመምጣቱ በፊት በ1970 ስለ ፈቃድ ድካም ባሳተመው ድርሰት ውስጥ አንድ ቀላል ምሳሌ አለ። ሰውየው ደክሞት ውሎ አልጋው ውስጥ ገብቷል። ጥርሱን አለመፋቁ ትዝ ይለዋል። ነገሩን ያመዛዝናል፦ ጥርሱ ጠንካራ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ቢቀር ምንም አይሆንም፤ ከተነሣ ደግሞ እንቅልፉ ይበላሻል። ሁሉን አይቶ መተኛቱ ይሻላል ብሎ ይፈርዳል። ከፈረደ በኋላ ግን እየተነጫነጨ ተነሥቶ ጥርሱን ይፍቃል። ዴቪድሰን ይህንም የፈቃድ ድካም ይለዋል፤ ሰውየው ከራሱ ፍርድ ውጭ ሄዷልና። ድካም ሁልጊዜ ወደ ምቾት አይጥልም፤ አንዳንዴ ወደ ግዴታም ይጥላል።

ዴቪድሰን ምሳሌውን ያመጣው ለሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን ቁልፍ ይሰጣል። ጥርስ መፋቅ ያሸነፈው ክርክሩን ረትቶ አይደለም፤ ክርክሩንማ ተረትቷል። ያሸነፈው በክርክር የማይነሣና የማይወድቅ ነገር ስለሆነ ነው። እናት በልጅነት ያስለመደችው፣ ሁሉም የሚያደርገው፣ በየሌሊቱ «ላድርግ ወይስ አላድርግ» ተብሎ ፍርድ የማይሰጥበት ነገር ነው። የጂሙ ዕቅድ ግን በየማለዳው ችሎት ይቀርባል። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም ያው አንድ እንቅልፉን ያልጨረሰ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ችሎት መቶ ጊዜ ተሟግቶ መቶ ጊዜ የሚረታ የለም። ተከሳሹ አንድ ጊዜ ከረታ ደግሞ ለነገው ችሎት ማስረጃ ያገኛል፦ «ትናንት ቀርተህ ምን ሆንክ?»

ጾም በዚህ ችሎት አይቀርብም። ረቡዕ ጠዋት «ዛሬ ልጹም?» ብሎ የሚያመዛዝን ጥቂት ነው። ቀኑ ራሱ ወስኗል። የቀን መቁጠሪያውን ያወጣው ጿሚው አይደለም፤ ስለዚህም ሊያሻሽለው አይችልም። መግቢያው ይታወቃል፤ በዋዜማው ቅበላ አለ። መውጫው ይታወቃል፤ በትንሣኤ ሌሊት የሚፈሰክበት ዶሮ አለ። «ውፍረት እቀንሳለሁ» የሚል ሰው ግን መግቢያውን ራሱ ይመርጣል፤ «ከሰኞ ጀምሮ» ይላል፤ ሰኞም በየሳምንቱ ይመጣል። መውጫም የለውም። አሥር ኪሎ ቢቀንስ እንኳ የሚጠብቀው ድግስ ሳይሆን ያንኑ ኑሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መቀጠል ነው።

ሁለተኛው ማዕዱ ነው። ጾም የአንድ ሰው ሆድ ጉዳይ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሽሮው በዘይት ይሠራል፤ እንግዳው ሳይጠየቅ ይታወቅለታል። ከኦክላንድ እስከ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ በሚዘልቀው የቴሌግራፍ ጎዳና ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዓርብ ቀን «የጾም በያይነቱ» ላዘዘ ሰው ለምን አይሉትም። እንዲያውም ሥጋ ያዘዘው ነው ዘወር ብሎ የሚያየው። ጿሚው ራሱን ለመግታት የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ ማዕዱ ሠርቶለታል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመውደቅ ሥርዐት ነው። የገደፈ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የንስሐ አባት አለው፤ ቀኖና ይቀበላል፤ ሐሙስ ቢገድፍ ዓርብን ይጾማል። በሽተኛና አራስ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይገደዱም። ጂም የተወ ሰው ግን የሚናዘዝበት የለም። አንድ ሳምንት ሲቀር ያፍራል፤ ሲያፍር ሁለተኛውን ሳምንት ይቀራል፤ ከዚያ የጂሙን በር በመኪና ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞራል። በሥርዐት ውስጥ መውደቅ አንድ ክፍተት ነው፤ ከሥርዐት ውጭ መውደቅ ግን ስለ ራስ የተሰጠ ፍርድ ይሆናል፦ «እኔ እንዲህ ነኝ፤ አይሆንልኝም።»

እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው ሌዋታን ስለ ሕግ ሲጽፍ፣ በራሱ ብቻ የታሰረ ሰው እንዳልታሰረ ይቆጠራል፣ ያሰረው ሊፈታው ይችላልና ይላል። ሆብስ የሚያስበው ስለ ንጉሥ ነበር። ሐሳቡ ግን ጥር ላይ ለሚገባ ቃል ሁሉ ይሠራል። ለሌላ ሰው የተገባ ቃል የሚፈታው ቃሉን የተቀበለው ሰው ሲፈቅድ ነው። ለራስ የተገባ ቃል ግን ተቀባዩ ያው ሰጪው ስለሆነ፣ ፈቃድ ሁልጊዜ በእጅ ነው። «ይቅር ብዬሃለሁ» ለማለት ብርድ ልብሱን እንኳ መግለጥ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው የነጻነት ጥያቄ ነው። በማኅበረሰብ ዐይን ተይዞ የሚጸና ሰው በእርግጥ ጸንቷል? ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ፣ ስለ ጸሐፊው ማንነት የሚደረገው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በተወሰኑ ቀናት መጾምን የሰው ሥርዐት እንጂ የፈጣሪ ትእዛዝ አይደለም ሲል ይሞግታል፤ የመብል ፍላጎትን የሰጠ ፈጣሪ ነው፣ ልኩን የሚያውቀውም ልቡና ነው ባይ ነው። ልቡናው አምኖበት የሚሮጥ ሰው ጎረቤት እንዳያየው ከሚጾም ሰው አይበልጥምን? ይበልጣል፤ ከሮጠ። ችግሩ ልቡና ፈርዶ መተኛቱ ነው። ደግሞም ብቻን መሆንና ነጻ መሆን አንድ አይደሉም። ዕቁብ የገባ ሰው ነጻነቱን አልተሰረቀም። ለብቻው ማጠራቀም እንደማይችል ያወቀ ሰው፣ ወዶና ፈቅዶ፣ ገንዘቡን ሌሎች በሚጠብቁት ቦታ አስቀመጠ። ዕቁብተኛው እንደ ጂሙ አባል የነገውን ራሱን አላሞገሰውም፤ ዐወቀው። ራስን ማወቅ ደግሞ ከነጻነት ወገን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጾም ስለ ጤና አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው። ጾም ውፍረት ለመቀነስ አልተሠራም፤ ዘይት በበዛበት ወጥና ነጭ ዳቦ ሲጾም ኪሎ የሚጨምርም አለ። «ጾሙ ሲገባ እግረ መንገዴን ክብደት እቀንሳለሁ» ብሎ በየጠዋቱ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው ጾሙን ራሱ ወደ ችሎት ያመጣዋል፤ ሚዛኑ በዐሥረኛው ቀን ካልወረደ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ከጾም የሚወሰደው የምግቡ ዝርዝር ሳይሆን አሠራሩ ነው።

ይሁንና ከሁለቱም የሚከብድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ማዕዱ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ተቃራኒ ወገን ነው። በቀደመው ልማዳችን መወፈር የድሎትና የደስታ ምልክት ነበር። «አምሮብሃል፣ ወፈር ብለሃል» ምርቃት ነው፤ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር?» ግን የስጋት ጥያቄ ነው። ስድስት ወር ለፍቶ ስምንት ኪሎ የቀነሰ ልጅ አዲስ አበባ ሲገባ እናቱ ልታለቅስ ትችላለች። ሳን ሆዜ ያለች አክስትም «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ብላ ጉርሻ ስትዘረጋ፣ የተዘረጋው እጅ የያዘው እንጀራና ወጥ ብቻ አይደለም። እምቢ ማለት ፍቅርን መመለስ ነው። ይህን ጉርሻ የተቀበለ ሰው ፈቃዱ ደከመ ማለት ይቻላልን? ሁለት በጎ ነገሮች ተጋጭተው አንዱ አሸነፈ ማለት ይቀላል። ሌሊቱን ሠርቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ አልጋው ላይ የወደቀው ነርስም እንዲሁ ነው። ያልተራመደው ስለማይረባ ሳይሆን፣ ያለውን ጉልበት አገር ቤት ለሚላክ ገንዘብና ለቤት ኪራይ ስላዋለው ነው። ውድቀት ብለን ከምንጠራው ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ታማኝነት እንደሆነ ሳይመረመር፣ ሰውን በስንፍና መውቀስ ግፍ ነው።

ግን ነገሩ እዚህ ላይ ሊቆም አይችልም፤ ስኳርና ግፊት ታማኝነትን አይቆጥሩም። ለቤተሰቡ ሲል ያልተንቀሳቀሰ አባት በሃምሳ ዓመቱ ሲወድቅ፣ የሚወድቀው ቤተሰቡ ላይ ነው። «ለእነርሱ ስል ጊዜ የለኝም» የሚለው ምክንያት ተገልብጦ ሲነበብ «ለእነርሱ ስል ጊዜ ማግኘት አለብኝ» ይሆናል። ሰውነት የግል ንብረት ይመስላል፤ ሲታመም ግን የስንት ሰው እንደነበረ ይታወቃል።

ይህን የሚያውቁት የኢትዮጵያ ሯጮች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ የሮጠው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማይክል ክሮውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በሯጮቹ ዘንድ ብቻውን የሚለማመድ ሰው በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ለጤና ብቻ ከሆነ ለብቻ መሮጥ ይቻላል፤ መለወጥ ለሚፈልግ ግን ከሰው ጋር መሮጥ ግድ ነው ብለው ነገሩት። የፊተኛውን ሯጭ እግር መከተል፣ ተራ ሲደርስ መምራት፣ የሌላውን ጉልበት መሸከም የልምምዱ አካል ነው። ብርታት ከግለሰቡ ደረት የሚወጣ ሳይሆን በቡድኑ መሐል የሚመላለስ ነገር ተደርጎ ይታያል። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚወጣውና የሚወርደው፣ ጃንሜዳ የሚሮጠው፣ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» እሑድ መኪና በተከለከለበት አስፋልት ላይ የሚዘለው ሕዝብ ሁሉ አትሌት አይደለም። አብዛኛው ጂም የሚከፍልበት ገንዘብ የለውም። ያለው ከጎኑ የሚያለከልክ ሰው ነው።

ምናልባት ሯጮቹ ለጤናና ለለውጥ ያስቀመጡት ልዩነት ለተራው ሰው ጥብቅ ሆኖ አይሠራም፤ ለጤናም ቢሆን ብቻውን የሚዘልቅ ጥቂት ነው። ኦክላንድ መሐል ያለው የሜሪት ሐይቅ ዙሪያው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሲያወጉ ለመዞር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ቅዳሜ ማለዳ እዚያ ጓደኛው የሚጠብቀው ሰው ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ለራሱ ይቅርታ ማድረግ አይችልም፤ ይቅር ባዩ ሐይቁ ዳር ቆሞ እጁን እያፍተለተለ ነውና። ስልክ ደውሎ «ዛሬ ቀረሁ» ማለት አለበት፤ ያን ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሌላ ሰው ጆሮ ሲሰማ እንደ ራስ ጆሮ አይጥምም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ «የት ጠፋህ?» የሚል አለ። ይህ «የት ጠፋህ?» ከወቀሳም ከይቅርታም ያለበት ቃል ነው፤ የወደቀውን የሚመልሰው እርሱ ነው።

ኃላፊነት ከዚህ ሁሉ በኋላም ከሰውየው ትከሻ አይወርድም፤ ቦታው ግን ይለወጣል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ጋር ታግሎ ባለመርታቱ የሚጠየቅበት ምክንያት ትንሽ ነው፤ ያን ትግል ብዙዎቹ ብርቱዎችም ይሸነፉታል። የሚጠየቀው ከዚያ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ልቡናው ሳይደክም ባደረገው ነው፦ ቃሉን ለማን ሰጠው? ሊፈታው ለማይችል ሰው ሰጥቶት ከሆነ የሚችለውን አድርጓል። ለራሱ ብቻ ሰጥቶት ከሆነ ግን፣ ገና ሳይጀምር መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ከትቷል።